የመዋቢያ ዘይትን ከሚሊ ሊትር ወደ ግራም እንዴት እንቀይራለን?

የቅባቱ አሠራር በሚሊ ሊትር ተጽፏል፤ እናንተ ደግሞ መመዘን ነው የፈለጋችሁት። 50 ሚሊ ሊትሩን 50 ግራም ብላችሁ እንዳትገላገሉት። ያ የሚሠራው ለውሃ ነው። 50 ሚሊ ሊትር የጉሎ ዘይት 48 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ጆጆባ 43 ግራም ተኩል አካባቢ፣ ግሊሰሪን ደግሞ 63 ግራም።

ልዩነቱን የሚፈጥረው እፍግታ ነው። ይኸውም 1 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚነግረን ቁጥር ነው።

1. መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሚሊ ሊትር አምጡ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ይህ ግን የመለኪያ ማንኪያ ነው፤ ከመሳቢያ የምታወጡት የመብያ ማንኪያ አይታመንም። አውንስ የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። የፈሳሽ አውንስ 29.57 ሚሊ ሊትር ነው፣ የክብደት አውንስ 28.35 ግራም። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

2. የዘይቱን እፍግታ ፈልጉ። የወይራ፣ የአልሞንድና የኮኮናት ዘይት 0.92 ገደማ ናቸው። ጆጆባ 0.87፣ የጉሎ ዘይት 0.96፣ ግሊሰሪን 1.26።

3. አባዙ። ሚሊ ሊትሩን በእፍግታው ስታባዙ ግራሙ ይወጣል። ለምሳሌ 60 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ዘይት፣ 30 የጉሎ፣ 10 ጆጆባ ቢባል፦ 55.2፣ 28.8 እና 8.7 ግራም ይሆናሉ። ድምሩ 92.7 ግራም ነው፤ 100 አይደለም። ከግራም ወደ ሚሊ ሊትር መመለስ ከፈለጋችሁ አካፍሉ።

የዘይታችሁን እፍግታ ካጣችሁት ራሳችሁ ለኩት፤ እንዲያውም እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያዙ። ባዶ ዕቃ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሩበት። 9.1 ግራም ካነበባችሁ እፍግታው 0.91 ነው። ከዚያ በፊት ግን በውሃ ፈትኑት፤ ወደ 10 ግራም ካልመጣ ወይ ስሪንጁ አየር ይዟል፣ ወይ ሚዛኑ ዋሽቷል። ሚዛናችሁ ነጥብ የማያሳይ ከሆነ በ10 ሚሊ ሊትር አትልፉ፣ በ100 ለኩ። አለበለዚያ የግማሽ ግራም ስህተት ውጤቱን ያበላሻል።

የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይረጋል። በስሪንጅም ሆነ በማንኪያ ከመለካታችሁ በፊት አቅልጡት። እንደ ሺያ ያለውን ቅቤ በማንኪያ ስትዝቁ አየርም አብሮ ይገባል፤ እሱን በቀጥታ መዝኑት። ለመዓዛ ዘይት ደግሞ "20 ጠብታ" የሚል አሠራር አይመቸኝም። የጠብታው መጠን በጠርሙሱ አፍና በዘይቱ ቅጥነት ይለያያል።

ለሎሽን ወይም ለፀጉር ቅባት የአንድ ግራም ስህተት ብዙ አያስጨንቅም። ሳሙና ግን ሌላ ነገር ነው። ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው የካስቲክ ሶዳ መጠን የሚሰላው ከዘይቱ ክብደት ነው፤ ሶዳው ከበዛ ሳሙናው ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ዘይቱንና ሶዳውን በሚሊ ሊትር ወይም በማንኪያ የሚሰጥ የሳሙና አሠራር ካጋጠማችሁ ለመቀየር አትድከሙ፣ በግራም የተጻፈ ሌላ ፈልጉ።