ተማሪዎችን በሚና ጨዋታ ድርድር ስታስተምሩ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ኮዬ ፈጬ አካባቢ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ግጭት አፈታት ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼን የአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ነዋሪዎች አድርጌ አደራድራለሁ። ጠቡ የውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ምድር ቤት ያሉት በርሜል ሲሞሉ አራተኛ ፎቅ ጠብ አይልም።

አዳዲስ መምህራን ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ለእርቅ መቸኮል ነው። ጎረቤታሞቹ በቅጡ ሳይነጋገሩ ሽማግሌ የሆነው ልጅ ይነሳና "በሉ ተዉ፣ ለእኔ ስትሉ!" ይላል። ይሳሳማሉ። ክፍሉ ያጨበጭባል፣ መምህሩም አብሮ ያጨበጭባል። ኧረ ምኑ ተፈታና? በርሜሉ የሚሞላው በስንት ሰዓት ነው? ማንም አያውቅም። ሽምግልና እኮ እንዲህ አይደለም። ሽማግሌ አንዱንም ሌላውንም ለየብቻ ሰምቶ፣ ጥፋቱን ለይቶ፣ ካሳ ቆርጦ፣ ዋስ ጠርቶ ነው የሚያስታርቀው። መሳሳሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ስምምነቱ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ከወንበራቸው አላስነሳቸውም።

ባዶ ሚና አትስጡ። ካርዱ ላይ "አንተ የምድር ቤት ነዋሪ ነህ" ብቻ ካለ ልጁ ከመጮህ ሌላ ምን ያድርግ? ሌላው ወገን የማያውቀውን አንድ ነገር ጻፉለት። የምድር ቤቷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ውሃ የምትፈልገው ሊጥ ለማቡካት፣ ማታ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለችው አራስ ናት፤ የሕፃኑን ልብስ የምታጥበው ጠዋት ነው። "ለምን?" ብሎ የጠየቀ ተማሪ መፍትሔው ላይ ይደርሳል።

ልጆቹን በገዛ ቁስላቸው አታጫውቱ። ይህንን እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። የአንድ ብሎክ ልጆች መሆናቸውን ሳላጣራ ሁለት ተማሪዎችን ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። አንዷ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "እናትሽ ጀሪካናችንን የደፋችውስ?" አለቻት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እስኪደወል አወራን። ከዚያ ወዲህ ሚና ከመስጠቴ በፊት ማን ከማን ጋር እንደሚኖር እጠይቃለሁ። ስንጨርስም ካርዱን እቀበላቸውና በየስማቸው እጠራቸዋለሁ።

በዓባይ አትጀምሩ። ሁሉም ኢትዮጵያን መሆን ይፈልጋል፣ ግብፅ የሚሆን ይጠፋል። እኔ በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ስለ ሕዳሴ ግድብ ካርቱም ላይ የፈረሙትን ባለ10 መርህ ስምምነት የማወጣው ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው። ያኔ ለአገሩ በጣም የሚሟገተውን ልጅ ግብፅ አደርገዋለሁ። ብሎኩ ላይ ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው ከታች ላለው ነው፣ ወንዙ ላይ ደግሞ ከላይ ላለው። ይህንን ልጆቹ ሳልነግራቸው ያዩታል።