የፀጉርና የቆዳ ቫይታሚን ስንውጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከጫማውና ከሽቶው መሀል ቫይታሚን አይጠፋም። «ፀጉሬ አለቀ፣ ያንን የፀጉሩን አምጪልኝ» ተብሎ ቀድሞ ታዟል። የአክስቴ ልጅ እንዲህ የመጣላትን ብልቃጥ ይዛ ቤቴ መጣች። «እስቲ አንብቢልኝ፣ በቀን ስንት ነው የሚዋጠው?» ፊቱ ላይ በትልቁ ባዮቲን (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው)፣ 10,000 ማይክሮግራም ይላል። ጀርባውን አዞርኩት። አንዱ ፍሬ ከቀን ፍላጎታችን ስንት በመቶ እንደሚሸፍን በሚናገረው መስመር ላይ 33,333% ተጽፏል። እሷ ደስ አላት። እኔ ደነገጥኩ።

«ሲበዛ ይሻላል» ማለት

ለአንድ አዋቂ በቀን 30 ማይክሮግራም ገደማ ባዮቲን ይበቃዋል። ይህን ከእንቁላል፣ ከጉበት፣ ከኦቾሎኒ ያገኘዋል። እጥረቱ ብርቅ ነው። እጥረት በሌለበት ሰው ላይ ባዮቲን ፀጉር እንደሚያበዛ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃም የለም። ትርፉ በሽንት ይወጣል።

ባዮቲኑስ ቢያንስ ፀጉር አይነቅልም። የሚነቅሉ አሉ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ቆዳ ያደርቃል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ፀጉር ያረግፋል። ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድንም እንደዚያው ነው። በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ከ400 ማለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ሰፕልመንት (የቫይታሚንና የማዕድን ማሟያ) ሲመረት በስህተት ከልክ ያለፈ ሴሊኒየም ገባበትና 200 ገደማ ሰዎች ታመሙ። ብዙዎቹ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተበላሸ። ለጤና ብለው የጠጡት ነው እንግዲህ። በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ ሰፕልመንት ከመሸጡ በፊት፣ ከመድኃኒት በተለየ፣ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅበትም። «ከአሜሪካ ነው የመጣው» ማለት «ተፈትሿል» ማለት አይደለም።

ለምርመራ ደም ሲሰጡ ባዮቲኑን አለመናገር

ይህኛው ብዙም አይወራም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ብዙ የላቦራቶሪ ምርመራዎች በአሠራራቸው ባዮቲን ይጠቀማሉ። ደማችሁ ውስጥ የተትረፈረፈ ባዮቲን ካለ ምርመራው ይሳሳታል። ታይሮይዳችሁ ደህና ሆኖ ሳለ ከልክ በላይ እየሠራ ያለ ሊያስመስለው ይችላል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረውን ትሮፖኒንን ደግሞ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሃርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ሕመም) ይዞት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው «ደህና ነህ» ሊባል ይችላል ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ስለዚህ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ስትባሉ ቫይታሚኑንም ቁጠሩት። ብዙዎቻችን «ምንም» ነው የምንለው፤ ቫይታሚን መድኃኒት አይመስለንማ። ቀጠሮ ያለው ምርመራ ከሆነ ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለባችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ቀን ይባላል።

ፀጉሩ ለምን እንደረገፈ ሳያውቁ መዋጥ

የአክስቴን ልጅ «ልጅሽ ስንት ወሩ ነው?» አልኳት። «አራት።» እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ከወሊድ በኋላ ፀጉር በብዛት ይረግፋል። ከከባድ ትኩሳት፣ ከቀዶ ጥገና፣ ክብደት ቶሎ ከመቀነስም በኋላ እንዲሁ። መርገፉ የሚጀምረው ግን ያኔውኑ ሳይሆን ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ለዚህ ነው ምክንያቱ የሚጠፋን። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። መሀል ላይ አንድ ብልቃጥ ከዋጥን ምስጋናውን የሚወስደው ኪኒኑ ነው።

ግንባርና ጆሮ አካባቢ ብቻ የሚሳሳ ከሆነ ደግሞ ሹሩባውን ጠርጥሩ። ዓይን እስኪወጠር ተጎትቶ የሚሠራ ሹሩባ ሥሩን ይጎዳል። ቶሎ ካልተላቀቀ የማይመለስ ጠባሳ ይተዋል፤ ለዚህ ቫይታሚን የለውም። ክብ ክብ እየሆነ የሚመለጥ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ እሱ የፈንገስ መድኃኒት ነው የሚፈልገው።

እውነተኛ እጥረትም አለ። የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች የብረት ክምችታቸው ይመናመናል። አጽዋማቱን ሁሉ አጥብቆ የሚጾም ሰው፣ ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ ቢመረመር አይከፋም። ብቻ መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ ኪኒን።

አይረንን ከቡና ጋር መውሰድ

የአክስቴ ልጅ ባዮቲኑን አቁማ ተመረመረች። የብረት ክምችቷን የሚያሳየው ፌሪቲን ዝቅ ብሎ ተገኘና ሐኪሟ አይረን አዘዘላት። ከወር በኋላ «ከምን ጋር ነው የምትውጪው?» ብላት «ከቁርስ በኋላ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ» አለችኝ። እኔም ብሆን ያንን ነበር የማደርገው። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ወተትና የካልሲየም ኪኒንም ያስቸግሩታል። በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ውጡት፤ ለቡናው አንድ ሁለት ሰዓት ታገሡ። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ ከአይረኑ ነው።

«ጤፍ እየበላን የብረት እጥረት ከየት መጣ?» የሚል አይጠፋም። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው ከአውድማው አፈር የሚቀላቀል ነው። በውስጡ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይህ ይቀንሳል።

ሦስት ብልቃጥ በአንድ ላይ

መልቲቫይታሚን ለጉልበት፣ ሌላ ለፀጉር፣ ሌላ ለቆዳ። ጀርባቸውን ብታነቡ ሦስቱም ውስጥ ዚንክ አለ። አዋቂ በቀን ከ40 ሚሊግራም በላይ ዚንክ ለረጅም ጊዜ ከወሰደ ሰውነቱ መዳብ መምጠጥ ይከብደዋል፤ ከዚያ ደም ማነስ ይመጣል። ደምሩት።

ከቆዳና ከእርግዝና ጋር የተያያዙ ሁለት ነገሮች

ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኤ አይጨምርበት፤ መድኃኒቱ ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትፀንስ ያሰበች ሴት ደግሞ ሬቲኖል (አንዱ የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ከበዛበት ኪኒን ትራቅ፤ ፅንስ ይጎዳል።

በሦስት ሳምንት ተስፋ መቁረጥ

ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጥረቱ ቢስተካከል እንኳ ለውጡን በመስታወት ለማየት ወራት ይፈጃል። በየሳምንቱ ብልቃጥ የሚቀይር ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

የአክስቴን ልጅ በቅርቡ ቤቷ ሄጄ ጠየቅኋት። ግንባሯ ላይ አጫጭር አዲስ ፀጉር ቆሟል። ከወሊዱ ያገገመ ይሁን ከአይረኑ፣ ሁለታችንም አላወቅንም። አይረኑ ሶፋው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጁ መዳህ ጀምሯል። ጥቂት የአዋቂ አይረን ፍሬ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ሻይ ሳይቀርብልኝ ብልቃጡን አንስቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት።