ጋራዥ የነበረ ግቢ ላይ ጎመን ልትተክሉ ነው? መጀመሪያ ይሄን እዩ

ግቢያችን ድሮ ጋራዥ ነበር፣ እኔ ደሞ ኬሚካል ያልነካው ጎመን ልብላ ብዬ ተነሳሁ፣ ከዛ በኋላ የገጠመኝን ነው የምጽፍላችሁ።

ችግር፦ ውሃ ስታጠጡት አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይንከባለላል፣ አፈሩን ጨብጣችሁ ስታሸቱትም የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።
ምክንያቱ ያው የሞተር ዘይትና ናፍጣ ነው።
መፍትሄ፦ ይሄኛው እንኳን ከሚቀጥሉት ችግሮች ይሻላል። ጥቁር ጥቁሩን ጓል በአካፋ አውጡት፣ የቀረውን ቆፍራችሁ ፍግ ቀላቅሉበትና አልፋልፋ (የከብት መኖ ተክል) ወይ ሳር ዝሩበት። ዘይቱን የሚጨርሰው በዋናነት ስሩ ጋ የሚራባው ባክቴሪያ ስለሆነ አየር ይፈልጋል፣ ውሃ አታቁሩበት። የኔ የመጀመሪያ ዘር ግማሹ ሳይበቅል ቀረ፣ ደግሜ ዘራሁ፣ በአንድ ክረምት አያልቅም።

ችግር፦ ምንም ችግር የለም፣ ጎመኑ ለምለም ነው!
ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ባትሪ ሲፈታበት ወይ የድሮ ቀለም ሲፋቅበት የነበረ ቦታ እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ እሱ ደሞ አይሸትም አይታይም፣ ተክሉም ላይታመም ይችላል።
መፍትሄ፦ ከግቢው የተለያየ ቦታ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ውሰዱና ቀላቅላችሁ ላቦራቶሪ ስጡ። "እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም" ብላችሁ ጠይቁ (ሁለቱም እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶች ናቸው)፣ ለማዳበሪያ ተብሎ የሚሰራው ምርመራ እነዚህን አያሳይም።

ችግር፦ እርሳሱን ከአፈሩ ይስብልኛል ብላችሁ የሱፍ አበባ ተክላችሁ አመት ጠበቃችሁ፣ የእርሳሱ ቁጥር ግን ያው ነው።
ምክንያት፦ እርሳስ አፈሩን ሙጥኝ ይላል፣ ስር የሚስበው ትንሽ ነው፣ በዚህ ከቀጠላችሁ አስርት አመታት ሊፈጅ ይችላል። ሰው ሁሉ የቼርኖቤልን (የኑክሌር አደጋ የደረሰበትን ቦታ) የሱፍ አበባ ያወራል፣ እዛ የተሳካው ግን ኩሬ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነው እንጂ አፈር ላይ አይደለም። ካድሚየም ከእርሳስ ይልቅ ወደ ተክል ይገባል፣ ሰናፍጭም ይስበዋል፣ የሐበሻ ጎመን ደሞ የሰናፍጭ ዘመድ ነው፣ ስለዚህ አፈር የሚያጸዳላችሁ ተክልና ድስት ውስጥ የሚገባው አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አትርሱ።
መፍትሄ፦ እርሳስ ከሆነ አወጣዋለሁ ብላችሁ አትድከሙ፣ ባለበት አስሩት። ኮምፖስት በደንብ ጨምሩ፣ አቧራው እንዳይነሳ ዳር ዳሩን ቬቲቨር የሚባለውን ሳር ትከሉ፣ ህጻናት ባዶ አፈር ላይ አይጫወቱ። እንዲህ ያለ ብረት (እርሳስ ወይ ካድሚየም) የሳበ አገዳ ለከብት አይሰጥም፣ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም፣ ለማገዶም አይሆንም፣ ብረቱ አመዱ ውስጥ ይቀራል።

እኔ ቃሪያውን መሬቱ ላይ ተውኩት፣ ፍሬ ከቅጠልና ከስራስር ያነሰ ይስባል። ጎመኑን ግን ከሌላ ቦታ ባመጣሁት አፈር ጆንያ ውስጥ ነው የምተክለው፣ ከስሩ ሸራ አንጥፌ።