«በስሜ ጥሩኝ» ለማለት

አያቴ ድንቢጥ ትለኝ ነበር። ትንሽና ቀጭን ነበርኩ፤ አፌም አያርፍም። እሷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ስም የምትጠራኝ ታላቅ እህቴ ብቻ ናት። ትምህርት ቤት ደግሞ ጭራሮ ነበርኩ። ሁለቱም ስሞች የወጡት ከዚያው ከቅጥነቴ ነው። አንዱን ስሰማ ፊቴ ይፈታል፤ ሌላውን ስሰማ ግን እስከ ዛሬ ትከሻዬ ይሰበሰባል።

ስለዚህ ቅጽል ስማችሁን ትወዱት እንደሆነ ለማወቅ ትርጉሙን አትመርምሩ። ስትጠሩ መጀመሪያ ምን እንደምታደርጉ አስተውሉ። አቤት ትላላችሁ? ወይስ «ማን ሰማ?» ብላችሁ ዙሪያችሁን ታያላችሁ? ሳቃችሁን ግን አትመኑት። እኔ ጭራሮ በተባልኩ ቁጥር እስቅ ነበር፤ የምስቀው ቶሎ እንዲያልፍልኝ ነው።

የምትወዱት ስም እንኳ አፍ ሲቀይር ሌላ ይሆናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እህቴ በስልክ ድንቢጥ ስትለኝ ሰማ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ «ሪፖርቱን ድንቢጥ ታቅርብልን» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የአያቴን ነጠላ ሳያስፈቅድ ለብሶ የመጣ ያህል ተሰማኝ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ፤ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሌሎች ሦስት ሰዎች ለመዱት። ስለዚህ ቶሎ ተናገሩ።

ስትናገሩ ሰውየውን ለብቻው አግኙት። ሰው ፊት ከሆነ እሱም ፊቱን ለማዳን ሲል ይከራከራል። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ማን ተብላችሁ መጠራት እንደምትፈልጉ ግን በግልጽ ንገሩት። እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ያ ስም የአያቴ ነው። አንተ በስሜ ጥራኝ፣ እባክህ።» ደነገጠ። «ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ የእናንተ ነው፦ በዚያ ስም ስትጠሩ ዞር አትበሉ፣ አትሳቁም። ሰውየው ከረሳ ስማችሁን ብቻ ንገሩትና እለፉ።

በቁጣ ግን አይሆንም። ብራዚላዊው የእግር ኳስ ኮከብ ፔሌ ወላጆቹ በቶማስ ኤዲሰን ስም ኤድሰን ብለው የሰየሙት ልጅ ነበር፤ ፔሌ መባልን አጥብቆ ይጠላ ነበር። በዚህ ስም የጠራውን የክፍል ጓደኛውን በቡጢ መትቶ ለ2 ቀን ከትምህርት ቤት ታገደ። ስሙ ግን ጭራሽ ተጣበቀበት። ልጆች የት ጋ እንደሚያማችሁ ካወቁ እዚያው ይነካካሉ።

ከባዱ የቤተሰብ ስም ነው፤ በፍቅር የወጣ ስለሆነ አልፈልግም ማለት ፍቅሩን መግፋት ይመስላል። ያደጋችሁበት ስም ሊጠባችሁ ይችላል፤ ይህ ክፋት አይደለም። ሁሉንም አታስቀሩ፤ ቦታ ለዩለት። «ቤት ውስጥ እንደ ፈለግሽ ጥሪኝ፤ ሰው ፊት ግን በስሜ» ብትሏት እናት ትረዳለች።

አሁን ደግሞ ስም አውጪው እናንተ ብትሆኑስ? ጓደኛዬን 11 ዓመት ድንቡሼ ብያታለሁ። ይህን ጽሑፍ ሳስብ ደወልኩላትና «ድንቡሼ ስልሽ ምን ይሰማሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ዝምታው ራሱ መልስ ነበር፤ እኔ ግን አልቸኮልኩም፣ ጠበቅኳት። «ከወለድኩ ወዲህ ባትዪኝ ደስ ይለኛል» አለች። «ለፍቅር እኮ ነው» ማለት አማረኝ፤ ዋጥኩት፤ ምክንያቱም ያን ካልኩ እኔን ማጽናናት የእሷ ሥራ ይሆናል። «እሺ፣ ይቅርታ» አልኳት። ያን ምሽት ስልኬ ላይ ድንቡሼ የሚለውን አጥፍቼ ስሟን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አምልጦኛል፤ ሁለቴም ይቅርታ ብዬ፣ በስሟ ጠርቻት፣ ወሬያችንን ቀጠልን።