የኮከብ መከለያ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ፀሐይ ምድር ከምታንጸባርቀው ብርሃን በ10 ቢሊዮን እጥፍ ትደምቃለች። ስለዚህ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ያለች ምድር መሰል ፕላኔትን ለማየት ኮከቡን መጋረድ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ላይማን ስፒትዘር እ.ኤ.አ. በ1962 መከለያው ከቴሌስኮፑ ርቆ በጠፈር ላይ ይቁም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ስለሚመስል ብዙዎች ይሳሳታሉ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ክብ ዲስክ ይበቃል ማለት ነው። ብርሃን ሞገድ ስለሆነ የዲስኩን ጠርዝ ታክኮ ይታጠፋል። ከክቡ ጠርዝ ሁሉ እስከ ጥላው መሐል ያለው ርቀት እኩል ነውና ሞገዶቹ እዚያ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ፤ ጨለማ በጠበቅንበት ቦታ ብሩህ ነጥብ ይወጣል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ አራጎ ይህን ነጥብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሙከራ አይቶታል። መከለያው የሱፍ አበባ የሚመስለው ለጌጥ አይደለም፦ ወደ ጫፍ እየቀጠኑ የሚሄዱት ቅጠሎች የታጠፈው ብርሃን መሐል ላይ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ያደርጋሉ። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዌብስተር ካሽ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳየው ይህንኑ ነው። በእኔ እምነት የሥራው ነፍስ ያለው እዚህ ቅርጽ ላይ ነው።

«ትልቅ ከሆነ ይሻላል» ማለትም ያሳስታል። ከ33 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ሲታዩ ፀሐይንና ምድርን የሚለያቸው የአንድ ዲግሪ 36,000ኛ ክፍል ነው። 26 ሜትር ስፋት ያለው መከለያ 26,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲቆም ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ልክ ይህንኑ ያህል ይሸፍናል። ርቀቱ ሳይጨምር ስፋቱ ብቻ ቢጨምር ፕላኔቷም አብራ ትጋረዳለች።

ጥንቃቄን ያለቦታው ማዋልም አለ። በመከለያውና በቴሌስኮፑ መካከል ያለው ርቀት በመቶ ኪሎ ሜትር ቢዛነፍ ችግር የለውም፤ ወደ ጎን ግን ከ1 ሜትር በላይ መንሸራተት አይፈቀድም።

የራሳችንን ፀሐይ መርሳት ደግሞ ልፋቱን ሁሉ ያበላሻል። ጠርዙ ወፍራም ከሆነ የፀሐይን ብርሃን ወደ ቴሌስኮፑ ይረጫል፤ ስለዚህ እንደ ምላጭ መሳል አለበት። ጥቃቅን የጠፈር ድንጋዮች ሸራውን ሊበሱት ስለሚችሉም ድርብርብ ሆኖ ይሠራል።

በመጨረሻም የጉዞው ጊዜ ይዘነጋል። ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላው ለመዞር መከለያው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ነዳጁም የተቆጠረ ነው። የኮከቦቹ ቅደም ተከተል ከመነሻው መታቀድ፣ መከለያው መንገድ ላይ ሳለም ቴሌስኮፑ የሚሠራው ሌላ ሥራ መዘጋጀት ይኖርበታል።