ዘጠኝ ወር ከአምስት ነው ከአስር? የመውለጃ ቀንሽ አቆጣጠር

"ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ለብዙዎቻችን ልክ ነው፣ ለአንዳንዶቻችን ግን አምስት ቀን ይጎድለዋል። ልዩነቱን የምታመጣው ጳጉሜ ናት።

እርግዝና 280 ቀን ተብሎ የሚቆጠረው መጨረሻ ያየሽው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተነስቶ ነው። ሳይመጣ ከቀረበት ቀን አይደለም! እኔ አራት ኪሎ ክትትል ስጀምር ሚድዋይፏ "መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?" ስትለኝ የቀረበትን ቀን ነግሬያት ቁጥሩ አንድ ወር ተዛብቶ ነበር፣ አልትራሳውንድ ስነሳ ነው የታወቀው።

ቀኑ ከጠፋሽ ከበዓል ጋር አያይዢው። የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሳትገቢ ውጭ ቆመሽ አስቀድሰሽ ይሆናል። ረመዳን ላይ ከሆነ ደግሞ ቀዳ ያለብሽን (ሳትጾሚ ቀርተሽ በኋላ የምትተኪያቸውን) ቀናት መለስ ብለሽ እዪ።

አሁን ሂሳቡ። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ ወር 270 ቀን ነው፣ 10 ሲጨመርበት 280 ይሞላል። ጥቅምት 12 ካየሽ፣ ዘጠኝ ወር ቆጥረሽ ሐምሌ 12፣ አስር ቀን ጨምረሽ ሐምሌ 22። መሀል ላይ ጳጉሜ ካለች ግን አምስቱን ቀን እሷ ስለምትሞላልሽ የምትጨምሪው 5 ብቻ ነው፤ ጥር 20 ካየሽ ጥቅምት 25 ይሆናል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ፣ ለምሳሌ በ2019 መጨረሻ፣ 4 ብቻ ጨምሪ። በአጭሩ እስከ ኅዳር 20 ያየሽ 10፣ ከኅዳር 26 ወዲህ ያየሽ 5። ከኅዳር 21 እስከ 25 ያየሽ ደግሞ ቀንሽ እዚያው ጳጉሜ ውስጥ ይወድቃል።

የስልክ አፕ የምትጠቀሚ ከሆነ ቀኑን መጀመሪያ ወደ ፈረንጆቹ ቀይሪው። ጥቅምት 12 ማለት ኦክቶበር 22 ወይም 23 እንጂ ኦክቶበር 12 አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን የወር አበባሽ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ ነው። በየ35 ቀኑ ከሆነ ሰባት ቀን ጨምሪ። የሦስት ወር መርፌ በቅርቡ ካቆምሽ ወይም እያጠባሽ ካረገዝሽ ቆጠራውን አትመኚው፣ ሦስት ወር ሳይሞላሽ አልትራሳውንድ ተነሺ። ያኔ የሚሳሳተው ቢበዛ በሳምንት ገደማ ነው። በሰባትና በስምንት ወር የሚነሳው ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሌላ ቀን ቢነግሩሽ የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥተሽ አሳዪ። እባክሽ እሱን ወረቀት አትጣይው።

በተባለው ቀን የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከ37 እስከ 42 ሳምንት ባለው በየትኛውም ቀን ሊመጣ ስለሚችል 37 ላይ ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ለሌሊት ታክሲ የሚሆን ገንዘብም ለይተሽ አስቀምጪ። 41 ሲሞላሽ ምጥ ባይመጣም ሂጂና ታዪ። ደም ካየሽ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ግን ሳምንት መቁጠሩን ተዪውና በዚያው ሰዓት ሂጂ።