ከጋምቤላ እስከ ጎዴ፦ የአየር ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን ማስላት

በሁለት ራቅ ያሉ የክልል ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀት ለማወቅ ካርታና የሒሳብ መኪና ይበቃል፤ የጉዞውን ሰዓት ለማወቅ ግን በረራው በየት በኩል እንደሚያልፍ ማጣራት ያስፈልጋል። ባሮ ዳር ካለችው ጋምቤላ ተነስቶ ዋቢ ሸበሌ ዳር ወዳለችው ጎዴ የሚጓዝ ሰው ልዩነቱን በደንብ ያየዋል።

በመጀመሪያ የአውሮፕላን ማረፊያዎቹን መገኛ ከካርታ ይውሰዱ። የጋምቤላው በ8.13 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ34.56 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ፣ የጎዴው በ5.93 ሰሜንና በ43.58 ምሥራቅ ላይ ስለሚገኙ፣ ልዩነታቸው በኬክሮስ 2.20፣ በኬንትሮስ 9.02 ዲግሪ ነው። ይህ አካባቢ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ አንድ ዲግሪ በሁለቱም አቅጣጫ 110.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ ዋልታዎቹ በተጠጉ አገሮች ግን የኬንትሮስ ዲግሪ እየጠበበ ስለሚሄድ በዚህ አቋራጭ መጠቀም አይቻልም። ሲያባዙት 243 እና 997 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ የሁለቱን ስኩዌር ደምረው የድምሩን ስኩዌር ሩት ሲያወጡ 1,026 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ።

ይህን ቁጥር ለጄት ፍጥነት አካፍሎ የጉዞ ሰዓት ነው ብሎ መውሰድ ያሳስታል። መንገደኛው የሚያልፈው በቦሌ ነው፦ ከጋምቤላ ቦሌ 475፣ ከቦሌ ጎዴ 625፣ በድምሩ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል። በመዞሩ የጨመረው ርቀት 75 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአገር ውስጥ መስመሮች የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለመውረድ በየበረራው 25 ደቂቃ ጨምረው ሲያስቡት የመጀመሪያው በረራ 1 ሰዓት ከ10፣ ሁለተኛው 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል።

ቀኑን የሚበላው በቦሌ ያለው ቆይታ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሁለተኛው በረራ በዚያው ቀን መኖሩን ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ የክልል ማረፊያዎች የሚያስተናግዱት በቀን ብርሃን በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ማደሩ አይቀርም። ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት መቁረጥንም አጥብቄ እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ በተለያየ ትኬት የሚጓዝ ሰው ሁለተኛውን በራሱ ኪሳራ ሊያጣው ይችላል።

በጎዴ ፀሐይ ከጋምቤላ 36 ደቂቃ ያህል ቀድማ ብትወጣም ሰዓቱ አንድ ስለሆነ የሚስተካከል ነገር የለም። በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፦ 07:10 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10፣ 13:10 ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ነው። እናቴ ስትጓዝ በትኬቷ ጠርዝ ላይ ሐበሻውን ሰዓት በእስክሪብቶ በትልቁ ጽፌ፣ ከሥሩ ደግሞ ከቤት የምትወጣበትን፣ ማለትም ከበረራው ሁለት ሰዓትና የመንገዱ ጊዜ ተቀንሶ የሚመጣውን እጨምርላታለሁ።